ሳይደወል የጨመረ ባዶ ቦታ

ይድረስ ለእታለም፣

ትናንት ስንዘጋ የሱቃችን ሃርድ ዲስክ ዐሥር ጊጋ ባዶ ቦታ ነበረው፤ ዛሬ ጠዋት ስንከፍተው ሠላሳ ሆኗል። በመሀል የደወለ ሰው የለም።

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የገዳሪፍ ሐሩርና አቧራ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለብንም።

የሱቁን ነገር ላስረዳሽ። ከዚህ ወደ ሊቢያ የሚወጣ መንገደኛ ስልኩ በመንገድ ይቀማልና ፎቶውንና ድምፁን እኛ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል። ሲደርስ ይደውልና “ደርሻለሁ፣ አጥፉልኝ” ይላል፤ እናጠፋለን። ስለዚህ እኛ ዘንድ ባዶ ቦታ ጨመረ ማለት ምሥራች ነው። አብራኝ የምትሠራው የጭልጋዋ ትርፌ እልል ትላለች።

ካለፈው ወር ወዲህ ግን ማንም ሳይደውል ይጨምር ጀመር። ደግሞ ሌላ ቀን፣ ማንም ምንም ሳያስቀምጥ ይቀንሳል። ጅን ገብቶበታል ብዬ ቁርኣን ቀርቼበታለሁ፤ ሳቂብኝ።

ዛሬ ጠጋኙ ያሕያ መጥቶ አየውና ዲስኩ እየሞተ ነው፣ የያዘውን እየበላ ነው አለ። የሚቀንስበትን ምክንያት ግን ሊያገኘው አልቻለም። ይኼኔ ትርፌ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። ለካ የተሰጠንን አደራ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀድታ ይዛ፣ አንዱ በጠፋ ቁጥር እዚያው ዲስክ ላይ ስትመልሰው ኖሯል። ያሕያ “አንቺ ሴትዮ፣ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ ትሞያለሽ?” ብሎ ሳቀባት። እሷም “አደራ የሚገኘው ከተቀመጠበት ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ባዶ ይጠብቀው?” አለችው። ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ ጅኑን ስትፈራ ማየቱ ደስ ብሎኝ ነው አለችኝ።

አላህ ውለታዋን ይክፈላት፤ እኔ አልችለውም። ዛሬ ከዲስኩ ከጠፉት አንዱ የልጅሽ የሉጥፊ ድምፅ ነበር። ፍላሹ ላይ ግን ደህና አለ።

ድምፁን ከፍተን አልሰማነውም። ሲሄድ “እስከ ዐረፋ ካልደወልኩ ለእናቴ ስጧት፤ ከደወልኩ ግን አጥፉት፣ ኋላ እንዳትስቅብኝ” ብሎናል። አብረውት በአንድ መኪና የወጡት ልጆች ደውለው የየራሳቸውን አስጠፍተዋል። ስለ እሱም ጠይቄያቸው ነበር፤ መስመሩ ጥሩ አልነበረም።

አሁኑኑ ላክልኝ እንደምትይ አውቃለሁ። አደራ ሆነብኝና ነው፣ እታለም፤ አትቀየሚኝ። በዱዓሽ ባዶ ቦታ እንዲጨምርልን ለምኚ፤ ይህኛው በስልክ የመጣ ይሁን። ደጅሽ ሰላም ይዋል፣ ያሳደግሽው ሁሉ ይባረክ።

ዐረፋ የፊታችን ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወይ ፍላሹን ይዤ መተማ እመጣለሁ፣ ወይ ባዶ እጄን እዚሁ እቀራለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ