የአዲስ አበባ ቦይና

ሆሣዕና፣ ነሐሴ 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ጠንክሯል? ጡትሽስ ሞልቶልሻል? አዲሷ ልጅሽ ታስተኛሻለች ወይስ አንቺ በልጅነትሽ እንዳደረግሽን ጎረቤት ታስነሳለች? ኤልያስስ በእህቱ ቀንቶ ተኮራርፎ ይሆን? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። ዝናቡ በርትቷል፣ ላሟ ወልዳለች፣ እንሰቱም ደህና ነው። እኔ ራሴን እያመመኝ ፀጉሬን አሳጠርሁት እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

አራስ ልትጠይቀኝ ቃል ገብታ እማዬ ለምን ቀረች ብለሽ የጻፍሽው የቁጣ ደብዳቤ ደርሶኛል። ታማ ነበር። አሁን አያማትም። መንገዱንም ታውቂዋለሽ፣ በነሐሴ ጭቃ የጭነት መኪና እንኳ ሦስት ቦታ እየተገፋ ነው የሚያልፈው። ለገንፎሽ ቡላና ቅቤ ልኬልሻለሁ። ቡላውን የጨመቅሁት እኔ ነኝ፤ እንደሷ እጅ ባይነጣ አትፍረጂብኝ። ዕቃውን የሚያደርስልሽን ሹፌር ስለ ቤታችን ብትጠይቂው የሚያውቀው ነገር የለም፣ አታስጨንቂው።

አሁን ወደ ቁም ነገሬ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ አንድ አበባ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለኝም። በመስኮትሽ ሥር፣ ከኤልያስ አልጋ አጠገብ ያቆምሽውን ያን ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን የፈረንጅ ተክል ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ከቤት አውጪው። በእጅሽ አትስበሪው፣ ከግንዱ የሚወጣው ውሃ ይፈጃል። በጨርቅ ያዢው፣ ጉድጓድ አስቆፍሪና ቅበሪው፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ። ባልሽ ዳኘ ለሥራ ጅማ ባይሄድ ኖሮ ለሱ ጽፌ አንቺን ባላስቸገርሁሽ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል በዓላችን ለያሆዴ ስትመጪ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተክለሽ ለእማዬ ያመጣሽላት የዚያው ተክል ልጅ እንደ ነበር አትረሺም። እንግዳ ሁሉ ሲያደንቀው እሷ ምን እንዳለችሽ ታስታውሻለሽ፦ ቆጮ አይጠቀለልበት፣ ለላም አይሰጥ፣ ቤቴ ገብቶ የሚቆመው ምን ሊሠራ ነው? አንቺ ግን ለዓይን ነው ስትያት ሳቀች። ከሄድሽ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለው ነበር። ልጄ ያመጣችልኝ እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳይ ነበር። ግንዱ እየወፈረ፣ ቅጠሉም እየሰፋ ሲሄድ፣ እኛ ቦይና የምንለውን ጎደሬ መሰላትና የአዲስ አበባ ቦይና የሚል ስም አወጣችለት።

ይህ ስም ነው ጉድ የሠራን። ቦይናም ጥሬውን ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ይህን የማያውቅ ሐዲያ የለም፤ ደህና አድርገው ከቀቀሉት ግን ይበላል፣ በክፉ ቀን ስንቱን ቤት አሳድሯል። ስለዚህ ጥጃዋ ቅጠሉን ነክሳ ለሃጯ ሲዝረበረብ እኔ ብደነግጥም እማዬ አልደነገጠችም። ቦይና መሆኑን በዚህ እወቂ፣ ያልበሰለ ቦይና እንዲህ ነው አለችኝ። እኔም ከሷ የተሻለ ስለማላውቅ አመንኋት።

እህቴ፣ ይህ ነገር መቀቀል አያድነውም። ውሃው ሁለት ጊዜ ቢለወጥም አያድነውም። እንዴት አወቅሽ አትበይኝ፣ ዝም ብለሽ እመኚኝ።

እንግዲህ የደረሰብንን ልንገርሽ። ድመታችን ሞተች። አራስ የድመት ሞት እንኳ አይነገራትም፣ ወተቷ ይደርቃል ብለው ሽማግሌዎቹ ከልክለውኝ ነበር። ግን ኤልያስ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው፣ እንዴት አድርጌ ዝም ልበል?

የዚያን ቀን ሆመቾ ገበያ ወርጄ ነበር። ጥጃዋ ገመዷን በጥሳ ቆርቆሮውን ገልብጣው፣ ግንዱ ተሰብሯል። በዚህ ክረምት የሚበላ የመሰለ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ሲበሰብስ ማየት ለማን ይሆንለታል? ስመለስ ምድጃው ዘንድ ተኝታ አገኘኋት። ምላሷ አብጦ አፏን ሞልቶታል። መጮህ ብትፈልግም ድምፅ የላትም። እጄን ያዘችኝ። ድመት እጅ አትይዝም ትይኛለሽ፤ በጥፍሯ ማለቴ ነው።

ጎረቤታችን አስካለች፣ የጉራጌው ባለሱቅ ሚስት፣ ጩኸቴን ሰምታ ሱቋን እንደተከፈተ ትታ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ወተት አመጣች፣ ግን አልወርድ አለ። ሰዎቹ ቃሬዛ አበጁ፣ በዝናብ ወደ ክሊኒኩ ይዘናት ወረድን። ለድመት ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ ወጣ ብለሽ አትጠይቂኝ፣ እማዬ በአገሩ የተወደደች ስለሆነች ነው። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስኪጎድል ቆመን ጠበቅን፣ እዚያው ዳር ላይ እጄን ለቀቀችኝ።

በኋላ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ያው አካሚው፣ ቅጠሉን ሳሳየው ወዲያው አወቀው። በፈረንጆች ግቢ አይቶታል፤ ሰው ዲዳ የሚያደርግ ተክል ነው፣ ጉሮሮ ካሳበጠ ትንፋሽ ይዘጋል አለኝ። ተናደድሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፈረንጅ የሚያውቀውን ነገር አበባ ብሎ በር ላይ ሲያስቀምጥ፣ ለሚቀበለው ሰው አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት? ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ይሉ የለም፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቄስ የለም።

ከቤትሽ አበባ አይጥፋ፣ የምትወጂውን አውቃለሁ። የሚተከለውን ግን ምረጪ። በሶብላ ትከዪ፣ ልጅ ቢቆነጥረው ወጥ ይሸታል እንጂ አይጎዳውም። ጠጅ ሳርም ጦስኝም ደህና ናቸው። ጽጌረዳም ቢሆን እሾኹ ያስለቅሰው ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ጉሎ ከአጥርሽ ካለ ፍሬው ሳይረግፍ ንቀይው፣ ያን የሚያማምረውን ፍሬ ልጅ ዶቃ ይመስለዋል። ቁልቋልንም ወተቱ ዓይን ስለሚያጠፋ አታስጠጊ። ስሙንና ጠባዩን የሚነግርሽ ሰው የሌለውን ተክል በምንም ቢያምር አታስገቢ። እኔም ከኛው ቅርንጫፍ የወሰዱትን ሁሉ በየቤታቸው ዞሬ አስነቅያለሁ፣ እስከ ሺንሺቾ ድረስ ሰው ልኬ። ከአንቺ ቤት በቀር የቀረ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስሚኝ። ያመጣሽው በፍቅር ነው። ወደፊት ማንም ምንም ቢልሽ፣ አንቺም ራስሽ በልብሽ ምንም ብታስቢ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው። የእኔን ቃል ያዢ፣ ታላቅሽ ነኝ፣ እዚህም የነበርሁት እኔ ነኝ። እሷም አልተቀየመችሽም። እኔ ገበያ ሳለሁ፣ አፏ ሳይዘጋ፣ ስምሽን ስታነሣ ነበር ብላኛለች አስካለች።

ድመቲቱ ማለቴ አይደለም። እማዬ በዚያን ቀን ስለ አንቺ ስታወራ ነበር ማለቴ ነው።

ከአራስ ቤት ከወጣሽ በኋላ፣ ለመስቀል መንገዱ ሲደርቅ፣ አጎታችን አቶ ጠና ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። እኔም አብሬያቸው ነኝ። ዳኘም ከጅማ ተመልሶ ይሆናልና እሱ ነው በር የሚከፍትልን። የምንደርሰው በማለዳ ነው፣ ገና ሳይነጋ። ቁርስ ልሥራ ብለሽ አትነሺ፣ ሳንበላ ነው የምንቀመጠው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብታዪ ጠይቂኝ፣ ሌላውን አትጠይቂ። ብቻ እኛ ከመግባታችን በፊት ሕፃኗን ከእቅፍሽ አውርደሽ ለሰው ስጪ።

እስከዚያ ጌታ ጉልበትሽን ያጽና፣ ወተትሽን አያጉድል። ልጆችሽን አሳድገሽ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። ይህን ምርቃት የምትመርቅሽ እሷ ነበረች፤ ለዛሬ ከእኔ ተቀበዪ።

ታላቅ እህትሽ