ወይዘሮ ሸዋወርቅን «መርቁን» ብለው ላስቀመጧቸው ሊቀ መንበራችን

ለተከበሩ አቶ ዘነበ፣
የቦው ወንዝ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ካልጋሪ፣ ኦክቶበር 1996

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም ባለፈው እሑድ ከመድረኩ በጥድፊያ ሲወርዱ የታጠፈውን ቁርጭምጭሚትዎን ከልብ እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ዕረፍትዎን እንዳላውክ ብዬ ነው።

1ኛ. በስብሰባው ላይ ወይዘሮ ሸዋወርቅን «የነፍሰ ኄር አቶ የሺዋስ ባለቤት፣ እዚሁ ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናታችን» ብለው ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ። ከተናገሩት አንድም ስሕተት የለበትም። ጊዜ አጥሮዎት የዘለሉትን ብጨምርበት ግን ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኚህ እናታችን በንጉሡ ዘመን ከጨርጨር አውራጃ ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገብተው ነበር። በበቅሎ ከገበያ ገበያ እየዞሩ ሲወዳደሩ፣ ተቀናቃኛቸው «ለሴት ድምፅ የሚሰጥ ቀሚስ ይልበስ» እያለ ይቀሰቅስ ነበር፤ እሳቸው ቀሚስ የለበሱትን ሰብስበው አነጋገሩና አሸነፉ። ምክር ቤት እንደገቡም ለአውራጃው ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ማደሪያ ይሠራ ብለው ጠየቁ፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጡት ልጆች ማደሪያ አጥተው ትምህርት ያቋርጡ፣ አንዳንዶቹም መንገድ ላይ ይጠለፉ ነበርና። የተከበሩ እንደራሴዎች ሳቁ። በዓመቱ ደግመው አቀረቡ፤ አሁንም ሳቁ። በመጨረሻ አንዱ እንደራሴ ለራሱ አውራጃ ድልድይ ፈልጎ ድምፅ ቢጎድለው ወደ እሳቸው መጣ። «ድልድይህን እደግፍልሃለሁ፤ አንተም ከነወዳጆችህ ማደሪያዬን ደግፍልኝ» አሉት። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም ሲሉ እሰማለሁ። ማደሪያው ግን ተሠርቷል፤ ይህን የማውቀው እዚያ ስላደግሁ ነው። አባቴ ሊድረኝ ቀን ቆርጦ ሳለ እትዬ ሸዋወርቅ ራሳቸው ቤታችን መጥተው «ለዚህች ልጅ የመንግሥት አልጋ ተይዞላታል» ብለው ወሰዱኝ። በስሜ የተያዘ አልጋ እንዳልነበረ የነገሩኝ እዚህ ካልጋሪ ከተገናኘን በኋላ ነው።

አብዮቱ ምክር ቤቱን ሲበትን ታሰሩ። ከእስር ሲወጡ ያ ሁሉ ሥራቸው የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ዝም ብለው ልጃቸውን ተከትለው ወደዚህ መጡ።

2ኛ. «አንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ» የሚለውን ደንባችንን እንደ ዓይንዎ ብሌን ስለሚጠብቁልን አመሰግናለሁ። በዚህ ደንብ መሠረት ከሥራ ሺፍት ወጥተን የማኅበሩን ድግስ የምናበስለው እኛ ስንሆን፣ እጅ የሚያወጡልን ባሎቻችን ናቸው። እትዬ ይህ ይሻሻል ብለው ሊናገሩ ሲነሡ፣ እርስዎ በታላቅ ትሕትና «እትዬ፣ እሱን ለእኛ ይተዉት፤ እርስዎ ብቻ ይመርቁን» አሏቸው።

እሳቸውም መረቁን። «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» አሉ፤ አሜን አልን። «ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ» አሉ፤ አሜን አልን። «ሴቱም ወንዱም የየራሱን ድምፅ የሚሰጥበት ማኅበር ያድርግልን» አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ፣ የእርስዎም አሜን ከሁሉ ጎልቶ ተሰማ። ወዲያው እትዬ ወደ ጸሐፊያችን ወደ አቶ ሩቤን ዞረው «ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አሉ።

3ኛ. «አሜን ድምፅ አይደለም!» ብለው ስብሰባውን ስለበተኑት በተለይ አመሰግናለሁ። ባይበትኑት ኖሮ እኛ ሴቶች እንደ ልማዳችን ሳህን ወደ ማጠቡ እንሄድ ነበር። ሳህኑን ትተን፣ በረዶ እየጣለብን፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመን ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተነጋገርን።

እትዬን ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ «ምሥራች፣ ፓርላማ ሲስቁብኝ እንዲህ አልከፋኝም። እየሳቁም ቢሆን ይከራከሩኝ ነበር። እነዚህ ግን ሳይሰሙኝ አከበሩኝ» አሉ። እንባቸውን ሳይ መሐረብ አቀበልኳቸው። ከመኪናው ሲወርዱ ግን በሩን ይዘው «በይ፣ ነገ ለማን ለማን ነው የምንደውለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ደወልን። ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል ቤተሰብ ስለፈረመልን በመጪው እሑድ አስቸኳይ ጉባኤ ይደረጋል፤ ወይዘሮ ሸዋወርቅም ለሊቀ መንበርነት ይወዳደራሉ። እርስዎም እንዲገኙልን በአክብሮት እየጋበዝኩ፣ በቂ ወንበር መኖሩን አረጋግጣለሁ።

ውድ ጊዜዎን በመውሰዴ ብዙም የማልጸጸት፣ በአክብሮትዎ ግን ሁልጊዜ የምደነቅ፣

ምሥራች ወልዴ
በሰንሪጅ የጫማ መደብር ሠራተኛ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ደንቡ «አንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ» ይላል እንጂ ድምፁን ባል ይያዘው አይልም፤ ከቤተሰቡ ቀድሞ ጉባኤው የደረሰ ተመዝግቦ ድምፁን ይይዛል። ይህን አንብበው ያሳዩን ባለቤትዎ ወይዘሮ ሙሉ ናቸው። እሑድ ጠዋት በመኪናዬ መጥቼ እወስዳቸዋለሁና፣ እርስዎ ቀስ ብለው ቁርስዎን ይብሉ።