ስለ መውጫ ባጁና ስለ ግራ ዓይኔ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የምርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ዓይንዎም፣ ኩላሊትዎም፣ ፊኛዎም ማንንም ሳያስፈቅዱ በሰላም እንዲሠሩልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሦስተኛው መስመር ጫፍ ቆሜ ያለቀለትን ሸሚዝ የምመረምር፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ፣ ባልደረቦቼ «አጉሊ መነጽር» የሚሉኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ጉዳዬን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች ቢሮዎ ውስጥ ደኅና እንቅልፍ ስለወሰዳቸው መቀስቀሱ ነውር መስሎኝ ነው።

ግላኮማ ይዞኛል። ቀኝ ዓይኔን ጨርሶታል፤ አሁን በግራው መጥቷል። የዓይን ሐኪሜ ቀዶ ሕክምና እስኪደርሰኝ ድረስ የዓይኔን ግፊት የሚቀንስ፣ ሽንት የሚያበዛ ክኒን አዘዘችልኝ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ኩላሊት ላይ ጠጠር እንዳያመጣም ውሃ በደንብ ይጠጣበታል። እንግዲህ በታላቅ ትሕትና ቅሬታዬን ላቅርብ።

፩ኛ፦ በመስመራችን ሠላሳ ሁለት ሰዎች ስንኖር፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያስኬደው ባጅ አንድ ነው። እሱን አንገቱ ላይ ያላጠለቀ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በፈረቃው ሁለት ጊዜ ያጠለቀም ሦስተኛ አይነካውም። ሥርዓት ወዳድነትዎ የሚደነቅ ነው። ክኒኔ ግን መመሪያዎን አላነበበም መሰል በየሰዓቱ ያጣድፈኛል። ይህንኑ ለመስመር አለቃችን ብነግረው፣ ሰውየው ክፉ አይደለምና አዝኖልኝ መላ ፈለገልኝ። «እህቴ፣ ውሃውን ተዪው፤ ክኒኑንም ማታ ቤትሽ ስትገቢ አንድ ላይ ዋጪው» አለኝ። እኔ ሞኟም ሰማሁት። ጥቂት ቀን እንዲህ እየደረብኩ ከዋጥኩ በኋላ ጣቶቼን ውርር እያደረገኝ፣ ራሴ እየዞረ፣ ጎኔን ይዤ እየጮኽኩ ሐኪሟ ዘንድ ተወሰድኩ። እሷም «ያለፈሽን አትደርቢ፣ ውሃ አትቀንሺ፣ እኔን ሳትጠይቂም አታቋርጪ» ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ በኋላ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። መደረቡን ብፈራ፣ ለሐኪሟም መንገር አፍሬ፣ የቀትሩን መዝለል ጀመርኩ። ስድስት ሳምንት ዘለልኩ። የባጁ ሕግ ተከበረ፤ እኔ ግን ዛሬ በግራ በኩል የሚመጣ ሰው እስኪገጨኝ ድረስ አላየውም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። የልጄን ፊት አንድ ቀን በእጄ በመዳሰስ ብቻ እንዳላውቀው ፈርቻለሁ።

፪ኛ፦ ራሴን ባመመኝ ጊዜ የፋብሪካው ክሊኒክ ለሁሉም እንደሚያድለው ለእኔም አስፕሪን አደለኝ። ከክኒኔ ጋር እንዳይጋጭ መጀመሪያ ሐኪሟን ልጠይቅ ብዬ ብመልሰው «ሕክምና እምቢ ያለች» ተብሎ ፋይሌ ላይ ተጻፈ። እኔ ብከሳም ፋይሌ እየወፈረልኝ ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፦ ዘመዶቼ ለቀሽ ውጪ ይሉኛል። አፍ ሲናገር ቀላል ነው። ብለቅ፣ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምናውም የሚፈቀድልኝ በእርስዎ ማኅተም በሚወጣ የሠራተኛ ሕክምና ወረቀት ስለሆነ ሁለቱም ይቀሩብኛል። ብቆይ፣ መድኃኒቱን እንደታዘዘው መውሰድ አልችልም። ወደፊት ገደል ወደኋላ ገደል የሚባለው ይኸው ነው፤ መሐሉ ላይ ቆሜ ሸሚዝ እመረምራለሁ።

ስለዚህ ሌላ ሕንጻ ይሠራልኝ አላልኩም። ቀጠሮዬ እስኪደርስ ለሰባት ሳምንት ያህል ውሃዬን ጠጥቼ፣ ክኒኔን በሰዓቱ ወስጄ፣ ሲመጣብኝ ያለ ባጅ ልነሣ። ይህ ምርቱን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ፣ ከእኔ ዓይንና ከባጁ የትኛው ለፋብሪካው እንደሚበልጥ ወስነው በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ስብሰባ መካከል «ይቅርታ፣ መጣሁ» ብለው የመውጣት ክብርዎ ዘወትር እንዳይጓደልብዎ እየተመኘሁ፣ እግሬን አቆላልፌ ከቆምኩበት እጅ እነሣለሁ።

የሦስተኛው መስመር ስፌት መርማሪ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሳምንት ብብታቸው ሳይሰፋ ስለተገኙት አንድ ካርቶን ሸሚዞች ማን እንዳሳለፋቸው ሲያጣሩ ሰንብተዋልና ላሳርፍዎ፤ እኔ ነኝ። እያንዳንዱን አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ደኅና መስሎኝ ነበር። በዚያው ቀን ያየኋቸው ሌሎች አሥራ አንድ ካርቶኖች ተጭነው ሄደዋል።