የበለዘው ጥርሴና የዘይነባ ኪኒን

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬ ክሊኒኩ የሰፈሩን ሰው ጥርስ ሲያይ ዋለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ዶክተር ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ኪኒን፣ ውሃ ያበለዘውን ጥርስ ያባብስ እንደሆነ ያጠናል። «ይህን ኪኒን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚውጥ አለ?» ብሎ ሰልፉን ጠየቀ። እህቴ ዘይነባ አቀረቀረች። የምትውጠው እሷ ናት፤ ግን የእጮኛዋ እናት ከኋላችን ቆመዋል፣ ሕመሟን አያውቁም። እኔ እጄን አወጣሁ።

«አለሁ ዶክተር! አወዳደቄን ቢያዩት ይወዱታል።»

ሰልፉ ሳቀ። ዶክተሩ አፌን በባትሪ አየ። ያደግሁት ዝዋይ አጎቴ ዘንድ ስለሆነ ጥርሴ ከሁሉም የባሰ በልዟል። እሱ ግን የት እንዳደግሁ አልጠየቀኝም። «ኪኒኑ ሳያባብሰው አልቀረም» አለና ጻፈው።

ይህን ጎረቤታችን እትዬ ሸምሲያ ሰማች። ልጇ የሚጥል በሽታ ስላለበት ያንኑ ኪኒን ይውጣል፤ ሰልፉን ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ከዘይነባ ጋር ተከትለናት ቤቷ ስንደርስ የልጁን ኪኒን እሳት ውስጥ ልትጨምር ነው።

«እትዬ፣ ቀልዴን ነው! እኔ ኪኒን ውጬ አላውቅም፤ ጥርሴን ያበለዘው የዝዋይ ውሃ ነው።»

«አንተ ውሸታም፣ የቀለድከው ቅድም ነው ወይስ አሁን?»

ወላሂ ብዬ ማልኩ። ይባስ ብላ ሳቀች።

ዘይነባ ሻርፗን ከአፏ ላይ ገለጠች። «የምውጠው እኔ ነኝ፤ ጥርሴን እዪው።»

ትንሽ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለበት። እትዬ ሸምሲያ ደጋግማ አየችና ኪኒኑን ወደ መደርደሪያው መለሰች። ስንወጣ ዘይነባን «ለማንም ትንፍሽ አልልም» አለቻት።

ነገ እትዬ ሸምሲያና የዘይነባ እጮኛ እናት አብረው ገበያ ይወጣሉ።