በአሥራ ስምንት ቁጥር የገባው ጎል

ሐሙስ፣ ማርች 6

ለመላው የእንግሊዝ ሕዝብ የቀረበ የሐዘን መግለጫ። የሃልትበሪ ታውን አማካይ ሌኒ ክራዶክ፣ በተወለደ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ባደረበት የተጠባባቂ ወንበር ሕመም ሲሠቃይ ከርሞ ዛሬ ረፋድ ላይ ከእግር ኳስ ዓለም በሞት ተለይቷል። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ እንደተለመደው ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሜዳ ዳር ይፈጸማል። ሟች ልጅም ጎልም የለውም።

ማለቴ… ያው እኔ ነኝ። ዛሬ አሰልጣኙን ጠየቅኩት። ውሌ ሊያልቅ ነው።

"አለቃ፣ የኔ ነገርስ?"

"ሜይ ላይ እንነጋገራለን።"

አራተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ይቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ የለም። ሊያቆዩህ ከፈለጉ ማርች ላይም ያወሩሃል።

ደከመኝ። ምንም ሳልሠራ እንዴት ነው የሚደክመኝ?

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ከሜዳችን ውጪ። አውቶብስ፣ አውቶብስ፣ አውቶብስ። ተሸነፍን። አልገባሁም። ተነሥቼ አሟሟቅኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነሣሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። ቤተ ክርስቲያን የሄድኩ ነው የመሰለኝ።

ካለቀ በኋላ ያልገባነው ሰዎች እንደ ልማዳችን ባዶ ስታዲየም ውስጥ ሩጫ። ሕዝቡ ሲወጣ እኛ እንጀምራለን። አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ከበሩ ዞር ብሎ፣ "አሁን ነው እንዴ የምትሮጡት? ጨዋታው እኮ አለቀ!" አለን።

"ለሚቀጥለው ዓመት ነው፣ አባባ!" አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን… የሚቀጥለው ዓመት የት?

ማክሰኞ፣ ማርች 11

የአምበላችንን ጫማ በጥርስ ሳሙና ሞላሁለት። የሆልሮይድን። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኔ የምመኘው ቦታ ላይ የሚጫወተው እሱ ነው፤ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። እግሩን ከተተ። ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

"ሌኒ።"

"አቤት፣ አያቴ።"

"ለቀልድ ከምታስበው ግማሹን ለኳስ ብታስብ ኖሮ፣ እኔ ይሄኔ ቤቴ እግሬን ዘርግቼ ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቆይ… ስድብ ነው ወይስ ምስጋና? እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ይሄን ሳልጽፍ አላድርም።

ዝናብ። ሜዳው ገንፎ ሆኗል። ከዕረፍት በፊት ሆልሮይድ ቅንድቡን ተፈነከተ። ፊቱም ማልያውም ደም በደም። ደም የነካው ማልያ ለብሶ መጫወት ክልክል ነው። ልብሳችንን የምታጥበው ሞሪን ትርፉን ማልያ ፈለገች… የለም። ክለቡ ባለፈው ሳምንት ለበጎ አድራጎት ጨረታ አውጥቶታል። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

"አውልቅ፣ የኔ ማር።"

"ሞሪን! ሰው እያየን?"

"አውልቅ አልኩህ! ላንተ ምን ያደርግልሃል?"

እውነቷን ነው። ምን ያደርግልኛል? አውልቄ ሰጠኋት። ለዳኛው ነገሩት፣ እሺ አለ። ሆልሮይድ በአሥራ ስምንት ቁጥር፣ ጀርባው ላይ "ክራዶክ" ተጽፎበት፣ ራሱን እስከ ዓይኑ በፋሻ ተጠምጥሞ ገባ። እኔ ካፖርት ደርቤ ቁጭ። ራሴን ሲጫወት ማየት… ከኔ ይሻላል።

ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት ተሻማ። ፋሻው ከሁሉም በላይ ብቅ አለ። በግንባሩ! ጎል! አንድ ለዜሮ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው፦ "በዛሬው ስፖንሰራችን በሚስተር ፕላት ሥጋ ቤት ምርጫ፣ የጨዋታው ኮከብ፣ አሥራ ስምንት ቁጥር፣ ሌኒ ክራዶክ!"

ስፖንሰሮቹ ምሳቸውን በልተው ከመስታወት ኋላ ሆነው ነው የሚያዩት። ቢራውም አለ። ቁጥሩን አዩ፣ ከፕሮግራሙ ላይ ስሙን አነበቡ፣ በቃ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተሳስታችኋል" ይል ነበር። እኔ? ጨዋታው ሲያልቅ ፀጉሬን አረጠብኩ፣ ጉልበቴን ጭቃ ቀባሁ፣ እያነከስኩ ወደ ስፖንሰሮቹ ክፍል ወጣሁ። ሚስተር ፕላት እቅፍ አድርጎ፣ "ይሄ ግንባር! ይሄ ግንባር!" እያለ ግንባሬን ሳመኝ። ፎቶ ተነሣን። አንድ ሳጥን ቋሊማ ሸለመኝ።

መልበሻ ክፍል ስገባ የጫማ ዝናብ ወረደብኝ። ሆልሮይድ ቅንድቡን እየተሰፋ ነው።

"ቋሊማው የማን ነው?"

"ስሙ የተጻፈበት ሰው!"

የሚሰፋው ሐኪም እንኳ ሳቀ። ሆልሮይድ አልሳቀም። ወደ ኔ እያየ፣ "ማልያህ ጠበበኝ፤ ያልተለበሰ ነገር ይጠባል" አለ።

እሑድ፣ ማርች 16

እማዬ ደወለች።

"በሬዲዮ ሰማሁ። ክራዶክ በግንባሩ አገባ አሉ።"

"እህ…"

"ማነው እሱ?"

"እማዬ!"

"አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ፀጉርህ እንዳይበላሽ ኳስ ሲመጣ ጎንበስ ነው የምትለው። ማነው ያገባው?"

ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "አንተስ መቼ ነው የምትጫወተው፣ ልጄ?"

መስመሩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም ነበር።

ቋሊማው ጥሩ ነው። ግን አልወርድልህ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

አልገባሁም። ሮጥኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ። እማዬ ትልቁን ስካርፏን ጠምጥማ መጣች። አትምጪ ብያት ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ማለቴን ለማየት ትኬት ይገዛል?

ወደ መጨረሻው ሆልሮይድ ባቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞረ። ከኔ ሌላ አማካይ የለም። ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያ ወደ ኔ።

"ክራዶክ። ግባ።"

መስመሩ ላይ ከሆልሮይድ ጋር ተገናኘን።

"ባትህ ምን ሆነ፣ አያቴ?"

"ምንም። ፀጉርህን እርሳውና ሩጥ።"

ሮጥኩ። አንድ ቆንጆ ኳስ አሾልኬ ሰጠሁ፤ አጥቂያችን ወደ መኪና ማቆሚያው ላካት። አንዴማ በግንባሬ ገጨሁ! ወደ ራሳችን ጎል ነበር፣ ግን በረኛችን ያዘው። እማዬ ቆማ ስታጨበጭብ አየኋት። ምን እንደምታጨበጭብ እሷም አታውቅም።

ሲያልቅ ያልገቡት ልጆች ሩጫቸውን ጀመሩ። እኔ ቆሜ አየኋቸው። ደክሞኛል… ግን ይሄኛው ድካም ሌላ ነው። እንቅልፍ ያለበት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ተነጋገርን።

"ተቀመጥ" አለኝ አሰልጣኙ።

"ዓመቱን ሙሉ ተቀመጥኩ እኮ፣ አለቃ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አልሳቀም። ያኔ ገባኝ።

ውሌ አይታደስም። "ጎበዝ ልጅ ነህ፤ ክፍሉን ታደምቃለህ" አለኝ። ክፍሉን! መብራት ነኝ እንዴ? ሆልሮይድም ጫማውን ሰቀለ። ኮሪደር ላይ ሞሪን አሥራ ስምንት ቁጥሩን አጥባ አጣጥፋ ሰጠችኝ። ብብቴ ሥር ወሽቄው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ሁለት ዲቪዚዮን ወርጃለሁ። ልምምድ ማታ ማታ ነው፣ ከሥራ በኋላ። ግን ቅዳሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጫወታለሁ። ያልገቡት ሲሮጡ እኔ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እፈታለሁ።

ሥራዬ? ሚስተር ፕላት ሥጋ ቤት። ቋሊማ እሞላለሁ። ሲቀጥረኝ ምንም አልጠየቀኝም፤ "ይሄ ግንባር!" ብቻ። ፎቶአችን ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። ጎሉ የኔ እንዳልሆነ ስንቴ ነገርኩት? "ትሕትናህን እወድልሃለሁ" ይለኛል። በሕይወቴ አንዴ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ… ይበለኝ።

ዛሬ ሆልሮይድ ሥጋ ሊገዛ መጣ። የቅንድቡ ጠባሳ እንዳለ ነው።

"ካፒቴን!" አለ ሚስተር ፕላት። "ያን ቀን አንተም መጥፎ አልነበርክም። ግን እንደዚህ ልጅ? አይሆንም!"

ሆልሮይድ ፎቶውን አየ። እኔን አየ። እኔ ቋሊማ አየሁ። ይኸው ጉድ ሊፈላ ነው…

"ልክ ነህ፣ ሚስተር ፕላት። ጭንቅላት አለው። መጠቀሙ ነው የቀረው።"

ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ ካዘዘው በላይ ቋሊማ ጨመርኩለት፤ በር ላይ ቆም ብሎ ከፈተው።

"ምንድነው ይሄ?"

"ስሙ ያልተጻፈበት ሰውዬ ድርሻ፣ አያቴ።"

ያኔ ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ። የፊት ጥርስ የለውም ለካ!

እንግዲህ ማርች ላይ የወጣው የሐዘን መግለጫ ይታረም። የሞተ የለም። ሁሉም ተደምሮ አንድ ማልያ ማዋስና አንድ ሳጥን ቋሊማ ነው። ትንሽ ነገር። በቃ፣ ለልምምድ ዘገየሁ።