ስሜ የተጻፈበት ካርቶን

ላፍቶ፣ መጋቢት 14 ቀን

ለአበልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቲና ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ደህንነታችንን የምነግርሽ እንድትደሰቺ ብቻ አይደለም፤ ያላንቺም መኖር እንደቻልን እንድታውቂው ነው።

ሽማግሌዎችሽ መልሴን እንዳደረሱልሽ አውቃለሁ። ጋሽ ከበበው ግን ለስላሳ ሰው ናቸው፣ ቃሌን አለዝበው ነው የሚነግሩሽ። ስለዚህ ራሴ ልጻፍልሽ።

የዛሬ አሥር ዓመት ብስራተ ገብርኤል ቲናን ክርስትና ስታነሺልኝ፣ ከሱቅሽ ደንበኞች አንዷ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሌላ ሰው ቺፕ መግዛት ነውር ሆነብኝ። ኮምፒውተር የምገጣጥም ሰው ነኝ፤ ያለ ቺፕ የምሠራው ሁሉ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ያንን ቺፕ ከዱባይ የምታመጪልኝ ደግሞ አንቺ ብቻ። ፍሮምሳ፣ ያ ቴክኒሻኔ፣ ከሌላም ሰው እንግዛ እያለ ስንት ጊዜ ለመነኝ መሰለሽ። ትልልቆቹ የውጭ ኮምፒውተር ሠሪዎች እንኳ በአንድ ቺፕ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል ያዋጣል አያዋጣም እያሉ ይጨቃጨቃሉ፣ እኛ ማን ሆነን ነው? አለኝ። እነሱ አበልጅ የላቸውማ ብዬ አሳቅኩት።

እውነቱን ለመናገር ጥሩም ነበር። ቺፑ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብልሽቱን ዓይናችንን ጨፍነን እናገኘው ነበር። ዕቃ ከከተማው የጠፋ ጊዜም ለሌላው የለም ብለሽ ለእኔ ከጠረጴዛ ሥር አውጥተሽልኛል። ይህን አልክድም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የኮሌጁን ጨረታ ሳሸንፍ ከእኔ እኩል እልል አልሽ። መቶ ሃያ ኮምፒውተር፣ ለመስከረም። ማዘርቦርዶቹን፣ ቺፑ የሚሰካባቸውን ሰሌዳዎች፣ የመረጥሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ያንቺን ቺፕ እንጂ ሌላ እንደማይቀበሉ እያወቅሽ። ነሐሴ ላይ ቺፑ የት ደረሰ ስልሽ ገና መንገድ ላይ ነው አልሽ። ጳጉሜንም መንገድ ላይ ነበር። ቀኑ አለፈና ኮሌጁ ውሉን አፈረሰ። ለሊሴንና ሌሎቹን ሁለት ሠራተኞች አሰናበትኩ። ለሊሴ መፍቻዎቿን ጠርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ነው የሄደችው። በሳምንቱ ፍሮምሳ ኪቦርድ ሊገዛ ሱቅሽ ገብቶ ካርቶኑን አየው። ከመደርደሪያው ሥር፣ በማርከር ስሜ ተጽፎበት፣ የገባበት ቀን ነሐሴ ሦስት የሚል። ለካ መንገዱ ሱቅሽ ውስጥ ኖሯል።

የዚያን ቀን ይህችን ሴት ሳላስለቅሳት አልሞትም አልኩ። ስድስት ወር ጠበቅኩሽ።

በዚህ ጾም ጋሽ ከበበውንና እማማ ጸሐይወርቅን ላክሽብኝ። ከፋሲካ በፊት ታረቁ፣ ቺፑ እሷ ጋ፣ ቦርዱ አንቺ ጋ ተቀምጦ ምን ይሠራል አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ገበያው ወደ አዲሱ ዓይነት ዞሯል፤ ያንን ቺፕ የሚፈልግ ቦርድ ከእኔ በቀር ማንም ጋ የለም። እኔ አንድ ሻጭ ብቻ እንደነበረኝ አንቺም ያለሽ አንድ ገዢ ብቻ ነው። በደሌን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከእሷ ሌላ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም ብዬም ማልኩላቸው። እማማ ጸሐይወርቅ አለቀሱልኝ። አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት መቶ ሃያውንም ቦርድ ጎፋ ላለ የሙያ ማሠልጠኛ ሰጠሁ። ብየዳ የሚማሩ ተማሪዎች ይለማመዱበታል። ቺፑ የሚቀመጥበትን እየነቀሉ ሲጥሉት ቆሜ አየሁ፣ ደስም አለኝ። ደስ አለኝ ስልሽ ከልቤ ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ይቅር ብያታለሁ፣ ቦርድ ግን የለኝም አልኳቸው።

አሁን ከሁለት ሰው እገዛለሁ፤ ከጎፋው ሉቃስና ከአንድ ሌላ ነጋዴ። ፍሮምሳ ሁለቱን ዓይነት እያምታታ ሁለት ጊዜ ዕቃ አበላሽቶብኛል። ይሁን። ማንም ግን ጉሮሮዬን አይዝም።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ትናንት ግን ቲና ስለ አንቺ ጠየቀችኝና፣ እንዳትጠሪያት ብዬ ተቆጣኋት። እሷም ምን አደረገችሽ ብላ አኮረፈች። ቆይታ ደግሞ፣ ባለፈው ክረምት ለሐምሌ ገብርኤል ንግሥ ስትወስጃት፣ ጋሼ ሉቃስ ለእማዬ ሌላ ቺፕ አመጣላት ብላ እንደነገረችሽ ነገረችኝ። ምን አለችሽ ስላት፣ ምንም፣ ሻማ ብቻ ገዛችልኝ አለች።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ። ካርቶኑ የገባው ነሐሴ ሦስት። ለካ ቺፑን የደበቅሽብኝ ይህን አውቀሽ ነው።

ሉቃስን ዋጋ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ለናሙና ሁለት ቺፕ አስቀመጠልኝ፣ ሌላ ምንም የለም። ደግሞስ ብገዛው ሰው ገደልኩ? ግን ይህን ለሽማግሌዎቹ ብትነግሪያቸው ኖሮ በሐሰት የማለች ሴት ብለው ዳግም ደጄን አይረግጡም ነበር። አንቺ አልነገርሻቸውም። ጋሽ ከበበውን ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል ከአፍሽ አልወጣም አሉኝ። ብታዋርጂኝ ይሻለኝ ነበር።

ስላደረግኩት ይቅርታ አልጠይቅሽም። ቦርዶቹም ተነቃቅለዋል፣ አይመለሱም። አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ከመቶ ሃያው ውጭ የሆነ፣ የቲና ኮምፒውተር ውስጥ ያለው። ቺፑ ከተቃጠለ ወር ሆኖታል። የሉቃስን ዓይነት ከነቦርዱ ልቀይርልሽ ስላት፣ የክርስትና እናቴ ታመጣልኛለች ብላ እምቢ አለች። ለፋሲካ ስትመጪ አንዱን ይዘሽላት ነይ። መቶ አሥራ ዘጠኙን እዚያው ተዪው። ካርቶኑን ግን፣ እባክሽ፣ ስሜ ያለበትን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ገዢም አያሳጣሽ።

የልጅሽ እናት