ሳልጠይቅ የተሸለምኩትን ብድር ስለመመለስ

ቀን፦ የካቲት 11

ለቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ቢሮአቸው

ጉዳዩ፦ ያልጠየቅሁት ብድር ተሰርዞ በእርሱ ምክንያት የታገደው የቤተሰቤ ቁጠባ ከየካቲት 20 በፊት እንዲለቀቅልኝ ስለማመልከት

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

አመልካች የማኅበሩ አባል፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። መልኬን ለማስታወስ ካስቸገረዎት ከወንበርዎ ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ብቅ ይበሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከግራ ሁለተኛው፣ ክራቫቱ የተጣመመው እኔ ነኝ። ከፎቶግራፉ ግርጌ «አርአያ ተበዳሪ» ይላል። አቤቱታዬ ከዚያው ፎቶግራፍ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነገሩን በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

1. ዕዳችን እንዴት እንደተከፈለ

ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ዕዳ ነበረብን። አንደኛው ለጣሪያችን ጥገና ከማኅበሩ የተበደርነው ነው። ሁለተኛው የባለቤቴ ወንድም ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ዋስ ሆኜለት፣ ሞተሩም ወንድሟም አንድ ቀን ተያይዘው ስለጠፉ ወደ እኔ የዞረው ነው። ሦስተኛው በሰፈራችን ባለሱቅ ደብተር ላይ ያደረው የሳሙና፣ የዘይትና የስኳር ዱቤ ነው። ሦስቱንም ሳሎናችን ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸው። (ትምህርት ቤቱ ነጭ ሰሌዳ ሲገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጥቶኛል፤ የተሰጠኝ በጽሑፍ ነው።) ከዚያም ወለዱ ከፍ ካለው እንድንጀምር ወሰንኩ፤ ከነምሳሌውም አስረዳሁ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የያዘችውን ስፒል ከከንፈሯ አውጥታ፣ «ወለዱ ከፍ ያለው የሚያገኘን በወር አንዴ ነው። ባለሱቁ ግን በቀን ሦስቴ ያየናል። መጀመሪያ የሚቀርበንን አፍ እንዝጋ» አለችኝ።

በሒሳብ ከሄድን ተሳስታለች። ባለሱቁን ግን በአምስት ወር ዘጋነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓሮ መንገድ መዞር ትቼ በሱቁ ፊት ለፊት ቀጥ ብዬ መሄድ ጀመርኩ፤ ለቀሩት ሁለት ዕዳዎችም ጉልበት አገኘሁ። ይህ ጉልበት በየትኛው ቀመር እንደሚገባ እስካሁን አልደረስኩበትም።

ስለ ቁጠባም ተከራክረናል። እኔ ማኅበሩ በብድር ላይ የሚያስከፍለው ወለድ በቁጠባ ላይ ከሚከፍለው ስለሚበልጥ ያለንን ሁሉ ዕዳው ላይ እናውለው አልኩ። እርሷ ግን «ዕዳ የጨረስን ቀን እጃችን ባዶ ከሆነ፣ በማግስቱ አንድ ጥርስ ቢያመን ተመልሰን እዚያው በር ላይ ነን» አለች። ስለዚህ ዕዳው ከጡረታዬ፣ ቁጠባው ደግሞ እርሷ ዚፕ ቀይራና ሱሪ አሳጥራ ከምታገኘው እንዲወጣ ተስማማን። እኔ ጋዜጣ መግዛት ትቼ ጥግ ላይ ካለው ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውየው «ጋሼ፣ ራሰ በራ ሆነው በሳምንት ሦስቴ ይመጡብኛል፤ ደንበኛ ምን ይለኛል?» እያለም ቢሆን ታግሦኛል።

ባለፈው ጥቅምት የመጨረሻውን ክፍያ ፈጸምን። አንድም ወር አላሳለፍንም። በቁጠባ ደብተራችንም ስልሳ ስምንት ሺህ ብር ተገኘ። ሰሌዳውን ላጠፋ ዳስተር ይዤ ብጠጋ ባለቤቴ «የጻፍከው አንተ ነህ፣ የማጥፋቱን ለእኔ ተው» ብላ ነጠቀችኝ።

2. ስለ ሽልማቱ

በታኅሣሥ ወር በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ወደ መድረክ ተጠርቼ ተጨበጨበልኝ፤ ፎቶግራፍም ተነሣሁ፤ የግድግዳ ሰዓትም ተሸለምኩ። ሰዓቱ ቤት ሳይደርስ ቆሟል። ስለ ሰዓቱ አቤቱታ የለኝም።

3. ስለ ደረሰብን በደል

ከላይ የጠቀስኩት ፀጉር አስተካካይ ወደ ሰፊ ቤት ሊዛወር ነው። የሚለቃት ክፍል አንድ መስኮትና አንድ የመብራት ሶኬት አላት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በር አላት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምትሰፋው በረንዳችን ላይ ነው። ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ የስፌት መኪናዋን በላስቲክ፣ የሙሽራ ቀሚስ ካለ ቀሚሱን በራሷ ነጠላ ትሸፍናለች፤ እርሷ ራሷ ትበሰብሳለች። አምና ሁለት ጊዜ ሳንባዋን ታማለች።

ክፍሏን ስናይ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ የሚቆምበትንም ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች። አከራዩ «እመቤቴ፣ ሳይከፍሉ ገቡ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ኪራዩ በወር ሰባት ሺህ ብር ሆኖ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ፣ ማለትም ሃያ አንድ ሺህ ብር እስከ የካቲት 20 ድረስ እንድናመጣ ቀጠሮ ሰጠን። «ከዚያ ካለፈ ቅር እንዳይላችሁ፤ ስልክ ጠጋኙ ልጅ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው» አለን።

የካቲት 4 ቀን ባለቤቴና እኔ ገንዘቡን ልናወጣ ወደ ማኅበሩ ሄድን። ገንዘብ ከፋዩ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ቁጠባዎ እኮ ለብድርዎ መያዣ ታግዷል» አለኝ።

«የትኛው ብድር?» አልኩት።

«የመቶ ሺሁ ነዋ።»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እርስዎ ባለትዳር ከሆኑ አስተያየቱን ያውቁታል። በደብተሩ ያልታየው ገንዘብ በኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን፣ እኔም ስለ ገንዘቡ ምንም እንደማላውቅ እስካስረዳት ድረስ የአርባ ዓመት ትዳር በከፋዩ መስኮት ፊት ሲወዛወዝ ቆየ።

የብድር ክፍል ኃላፊዋ በሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት፤ ያኔም መልሱን እንጂ አሠራሩን አትጽፍም ነበር። ደስ ብሏት ተቀበለችን። «ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለዎት! ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ወረፋ! በአዲሱ መመሪያ ሳያሳልፍ የጨረሰ አባል ብድሩ በራሱ ይታደስለታል። ጥር 25 ገብቶልዎታል» አለች። አልፈልግም ብላት በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም እንደነበረብኝ፣ ማስታወቂያውም በሰሌዳው ላይ መለጠፉን ነገረችኝ። ቀጥላም «ሌላው ብድር ተከለከልኩ ብሎ ያለቅሳል፣ እርስዎ ተሰጠኝ ብለው ያለቅሳሉ» አለችኝ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ሰሌዳውን እንደ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። የጠፋ ቁልፍ አለ፤ የኳስ ውድድር ፕሮግራም አለ፤ እኔም አለሁ። የብድር እድሳት ማስታወቂያ ግን የለም። ኃላፊዋም መጥታ ፈልጋ አጣችው። በዚህ መካከል የጥበቃ ሠራተኛው ሻይውን እንደያዘ ቀረበና፣ «ያ ረጅሙ ወረቀት ነው? እሱማ ጋሼ ሥር ነው። ከጉባኤው ማግስት ፎቶዎቹን ስቀል ሲሉኝ ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ እሳቸውን በላዩ ላይ ሰቀልኳቸው» አለ። የላይኞቹን ሁለት ስፒሎች ነቀለ። እኔ ከግንባሬ ተገልብጬ ወደ ታች ስንጠለጠል ማስታወቂያው ወጣ። የተለጠፈው በጉባኤው ዕለት ነው። ስለዚህ የመቃወሚያው ጊዜ ዐሥራ አምስት ቀን ቢባልም ማስታወቂያው ለዓይን የታየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ጋርጄው የቆምኩት እኔው ነኝ።

ባለቤቴ ወረቀቱንም የተንጠለጠለውን ባሏንም አየችና «በመያዣነት የያዙት አንተን ነው ማለት ነው? ለመሆኑ ስንት ገመቱህ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሳምንት ሆነው፣ ስለ ሱቁ አላነሣችም። ሜትሯን ግን ከአንገቷ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ አስገብታዋለች።

ዕዳ ከሜዳ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ከግድግዳ መጣ።

4. ገንዘቡን ልመልስ ስል የተሰጠኝ መልስ

መቶ ሺሁ ብር አንድም ሳንቲም ሳይነካ በስሜ ተቀምጧል። ወዲያው ውሰዱት ብል ሁለት በመቶ የአገልግሎት ክፍያና የአንድ ወር ወለድ፣ በድምሩ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር መክፈል እንዳለብኝ ተነገረኝ። ይህ ለባለቤቴ የግማሽ ወር የሱቅ ኪራይ ነው። ጎረቤቴ ፍየሉን በሌሊት ግቢዬ ውስጥ አስገብቶ፣ ጠዋት ውሰድልኝ ስለው «መጀመሪያ የማደሪያ ክፈል» ቢለኝ እንዲህ ያለውን ጎረቤት ዳኛ ፊት ማቆሜ አይቀርም ነበር። ማኅበሩ ግን የራሴም ስለሆነ በትዕግሥት እጽፋለሁ።

5. ብድሩ ሊጸና የማይገባበት ምክንያት

የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ «ብድር የሚሰጠው አባሉ በጽሑፍ ሲጠይቅና ሲፈርም ነው» ይላል። እኔ አልጠየቅሁም፤ አልፈረምኩም። የብድር ኮሚቴ መመሪያ ደንቡን ሊያብራራ እንጂ ሊሽር አይችልም። ጉባኤው ሲጨበጭብልኝ ዝም ማለቴም እንደ ፊርማ ሊቆጠርብኝ አይገባም።

የመመሪያው ሐሳብም ቢሆን ለአስተማሪ የሚዋጥ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ክፍሉን በጥሩ ውጤት ላለፈ ተማሪ፣ ለሽልማት ይሆንህ ዘንድ ያንኑ ክፍል ድገም ብዬ አላውቅም።

ጉዳቱ በእኔ ብቻ የቆመ እንዳይመስልዎት። ከፎቶግራፌ በስተቀኝ የተሰቀሉትን ጡረተኛ ሾፌር ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ገንዘቡን ሒሳባቸው ውስጥ አግኝተው አራት ጎማ ገዝተውበታል። «እኔ እኮ ጡረታ የጨመሩልን መስሎኝ ነው! ለአንተ አልጨመሩም ወይ ብዬ ልጠይቅህ ስል አፍሬ ተውኩት» አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ጎማዎቹን እየዞሩ ማየት ጀመሩ። ከዕዳ በወጡ በሦስተኛ ወራቸው ሳያውቁት ተመልሰው ገብተዋል። እርሳቸው የራሳቸውን አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ጽሑፉን እኔ አርምላቸዋለሁ።

6. የምጠይቀው

ሀ) በስሜ የተመዘገበው ብድር ገንዘቡ ከገባበት ከጥር 25 ጀምሮ እንዳልነበረ ተቆጥሮ፣ ያለ ወለድና ያለ ምንም ክፍያ እንዲሰረዝ፤

ለ) በቁጠባችን ላይ የተጣለው እግድ እስከ የካቲት 18 ድረስ እንዲነሣ። 20ኛውን ቀን ያልጻፍኩት በወረፋ አንድ ቀን፣ «መብራት የለም» በሚል ሌላ አንድ ቀን እንደሚያልፍ ስለማውቅ ነው፤

ሐ) አባልን የሚያስገድድ ማስታወቂያ ከእንግዲህ በአባሉ እጅ በፊርማ እንዲደርስ፤ ካልተቻለም ቢያንስ አባሉ በላዩ ላይ እንዳይሰቀል።

7. ፎቶግራፉን በተመለከተ

«አርአያ ተበዳሪ» የሚለው ጽሑፍ በአስቸኳይ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ። ፎቶግራፉን ግን እንዳትጥሉት። ይህን አቤቱታ ከመፈረሜ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ያለ ፎቶው እንዳትመለስ። ሱቃችን ውስጥ እሰቅለዋለሁ፤ ከሥሩም 'ዱቤ የለም' ብለህ በዚያ በጥሩ ጽሕፈትህ ትጽፍልኛለህ» አለችኝ። ስለ ሱቁ ስትናገር ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ስለሆነም ቁጠባችን በጊዜው ከተለቀቀ ከግራ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ከሁለቱ ስፒሎች ጋር እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ካልተለቀቀ ግን የምንሰቅልበት ግድግዳ ስለማይኖረን እዚያው ይቆይ። በየቀኑ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጋዜጣዬን አነባለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ ስለሚዛወር ሌላ የማነብበት ቦታ የለኝም።

ወለድ ከማይታሰብበት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር
ከግራ ሁለተኛው

አባሪ፦ የመጨረሻው ክፍያ ደረሰኝ፣ የቁጠባ ደብተሩ ቅጂ እና የቆመው ሰዓት

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ
ለብድር ክፍል ኃላፊዋ (አሠራሩ ተጽፎ እንዲመለስልኝ)
ለአከራያችን (ጠመኔው እንዳይጠረግ)